ከክንፍ ቁራጭ እስከ ቁጥር፦ የወንዝ ዓሣን የዘረመል ልዩነት እንዴት እንደሚለኩ

ክረምት ሲገባ የጣና ነጭ ዓሣ ሐይቁን ትቶ ወደ ወንዝ ይወጣል። በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል አባይ። ጠጠር ያለበት፣ ንጹህ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። አስጋሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መረቡን ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትንም አለ።

ስለዚህ ዓሣ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው «ስንት ቀረ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ ብዛቱ በ75 በመቶ ገደማ ወርዷልና መጠየቁ ትክክል ነው። ግን የቀሩት በዘር ምን ያህል ይለያያሉ? ሺህ ዓሣ የጥቂት እናቶች ልጅ ከሆነ አንድ በሽታ ሁሉንም ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ይህን ልዩነት መለካት የሚመስለውን ያህል አይከብድም። የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ወንዙ ዳር ነው።

1. ጥያቄውን ያጥብቡ

«የዓሣውን ዘረመል ማጥናት እፈልጋለሁ» ሰፊ ነው። «ጉማራ የሚወጣውና መገጭ የሚወጣው አንድ ወገን ነው ወይስ ሁለት?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት ከሆኑ፣ ከአንዱ ወንዝ የጠፋውን የሌላው ወንዝ ዓሣ በቀላሉ አይተካውም።

ከዚያ ዓሣዎን ይምረጡ። «ነጭ ዓሣ» የገበያ ስም ነው፤ ጣና ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ 15 ዝርያዎች ተለይተዋል። ዝርያዎቹን ከደባለቁ የወንዝ ልዩነት ያገኙ መስሎዎት የዝርያ ልዩነት ለክተው ያርፋሉ። ሌላም ጣጣ አለው። ነጭ ዓሣ 150 ክሮሞሶም ያለው ሲሆን እያንዳንዱን በስድስት ቅጂ ይይዛል፤ ስሌቱን የሚያከብደው ይህ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን እንደ ሰው በጥንድ ነው፤ ጠቅላላው 44። አምባዛም በጥንድ ነው። ጀማሪ ከሆኑ በቆሮሶ ወይም በአምባዛ እጅዎን ያፍታቱ፤ ነጭ ዓሣ ይደርሳል።

2. ከየት፣ ስንት

ከየወንዙ 30 ያህል ዓሣ ለመነሻ ይበቃል። ግን 30 ጫጩት ከአንድ ኩሬ አይልቀሙ፤ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ስህተት የሚሠራው ብዙ ነው። ከተለያየ ቦታና ከተለያየ ቀን ይውሰዱ፤ ያደጉትን ያስቀድሙ። መሃል ላይ ፏፏቴ ወይም ግድብ ካለ ከላይም ከታችም። ለምሳሌ ጢስ አባይ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከሥሩ ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም።

ፈቃድ አስቀድመው ያውጡ። ከአስጋሪዎችም ጋር ይነጋገሩ። እነሱ ከያዙት ላይ ቁራጭ ከወሰዱ ለጥናት ብለው ሌላ ዓሣ አይገድሉም። ደግሞ አስጋሪዎቹ ወንዙን ከማንም በላይ ያውቁታል።

3. ናሙናውን መውሰድ

እዚህ ጋ አይቸኩሉ። ሥጋ መቁረጥ አያስፈልግም። ከጭራው ክንፍ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ትበቃለች። ዓሣው ሕያው ከሆነ ውሃ ባለበት ባልዲ ያቆዩት፣ እጅዎን አርጥበው ይያዙት፣ ቆርጠው መልሰው ይልቀቁት። ክንፉ ይተካል።

ቁራጩን 95 በመቶ ኢታኖል (ጠንካራ አልኮል) ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይክተቱ። ኢታኖሉ የቁራጩን አሥር እጥፍ ይሁን። በማግስቱ ይቀይሩት፤ ከሥጋው የወጣው ውሃ ያቀጥነዋል። ኢታኖል ገጠር ላይ ሲያልቅ አረቄ የሚታየው ሰው አይጠፋም። አረቄ ግማሹ ውሃ ነው፤ ለሌላ ሥራ ይቆይ። ፎርማሊን ደግሞ ጭራሽ አይነካም፣ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል።

በየዓሣው መሃል መቀሱንና ወረንጦውን በበረኪና ነክረው በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ። ካልሆነ የአንዱ ዲኤንኤ ሌላው ላይ ይገኛል።

መለያ ቁጥሩን በእርሳስ ይጻፉ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ አድርገው ብልቃጡ ውስጥ ያስገቡት። የእስክሪብቶ ቀለም ኢታኖል ሲነካው ይለቃል። የሦስት ሳምንት ድካም በዚህ ምክንያት ብቻ ባለቤት አልባ ሲሆን አይቻለሁ፤ ብልቃጦቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ የማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም። በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ደግሞ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ርዝመቱንና ጾታውን ይመዝግቡ። የጎን ፎቶም ያንሱ፤ በዝርያው ላይ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው እሱ ነው።

4. ላብራቶሪ

ይህን ብቻዎን አይሠሩትም። ዲኤንኤው ከቁራጩ ይወጣል፣ የተመረጡ ቦታዎች በፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛ የላብራቶሪ ዘዴ) ይባዛሉ፣ ከዚያ ይነበባሉ። የእርስዎ ድርሻ ምን እንደሚነበብ መወሰን ነው። የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ ርካሽ ነው፣ የሚናገረው ግን የእናትን መስመር ብቻ ነው። ወንዝን ከወንዝ ለማወዳደር ከእናትም ከአባትም የሚወረሱ ምልክቶችን፣ ማለትም ከዓሣ ዓሣ የሚለያዩ የዲኤንኤ ቦታዎችን ይጨምሩ፤ ለምሳሌ ማይክሮሳተላይትን፣ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግሞ የሚመጣበትን ቦታ።

5. ስሌቱ

በአንድ ምልክት ላይ ሦስት ዓይነት ቅጂ አገኙ እንበል፤ ድርሻቸው 0.5፣ 0.3 እና 0.2። እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ፦ 0.25፣ 0.09፣ 0.04። ድምሩ 0.38። ከ1 ሲቀነስ 0.62። ከዚያ ወንዝ ሁለት ቅጂ በዕጣ ቢያወጡ የመለያየት ዕድላቸው 62 በመቶ ነው ማለት ነው። በሁሉም ምልክቶች ይህን ሠርተው አማካዩን ይያዙ።

ሁለት ወንዝ ሲያወዳድሩ፦ የየወንዙ አማካይ 0.50 ቢሆንና ሁለቱን ቀላቅለው ሲያሰሉ 0.56 ቢመጣ፣ ልዩነቱን 0.06ን ለ0.56 ያካፍሉ። 0.11 ገደማ ይመጣል። ዜሮ አካባቢ ቢሆን ዓሦቹ ይቀላቀላሉ ባልን ነበር። 0.11 ግን መለያየት መኖሩን ያሳያል።

አንድ ስሌት ልጨምር፤ ሁሌ የሚገርመኝ እሱ ነው። 100 ዓሣ ወንዝ ወጣ፤ 90ው ሴት፣ 10ሩ ብቻ ወንድ። የልጆቹ ዘር ግማሹ ከ10ሩ ወንዶች ብቻ ስለሚመጣ፣ 4ን በ90 እና በ10 አባዝተው ለ100 ሲያካፍሉ 36 ይመጣል። በዓይን የታየው 100 ነው፤ በዘር ሚዛን ግን 36 ዓሣ ብቻ።

6. ውጤቱን ማንበብ

ከፏፏቴ በላይ ያለው ልዩነቱ አንሶ ቢገኝ አይደንግጡ። ጥቂት ዓሣ የመሠረተው፣ አዲስ የማይገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ግድብ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እንደ ርብ ባለ አዲስ ግድብ ላይና ታች ዛሬ ልዩነት ባይታይ «አልጎዳም» ብለው አይጻፉ። ልዩነቱ የሚወጣው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው የተረፈው ቁራጭ የማይጣለው። ኢታኖሉን ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ወንዝ ላይ መቀስ ይዞ የሚወርድ ሰው የሚያወዳድረው ከሱ ጋር ነው።