ፕሮሰሰር ስንገዛ ገንዘብ የሚያስበሉን ስህተቶች

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ደውሎ «አይ7 ዴስክቶፕ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ልያዘው?» አለኝ። «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ስለው ዝም አለ። ሻጩን ጠይቆ ሲመለስ መልሱ «ሦስተኛ» ሆነ። አይ7-3770 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ ካየኋቸው የከሸፉ ግዢዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት እንዲህ በርካሽነት ነው።

ስሙን አይቶ ቁጥሩን መዝለል

ኢንቴል ለፕሮሰሰሮቹ የሚሰጠው አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚባለው ስም በአንድ ጀነሬሽን (ትውልድ) ውስጥ ያለ ደረጃ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ለማወዳደር አይረዳም። አይ7-3770 አራት ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አለው። በ2022 መጀመሪያ ላይ የወጣው አይ3-12100ም እንዲሁ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ ግን ትንሹ አይ3 ትልቁን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። በመካከል ባሉት አሥር ዓመታት አንዱ ኮር ብቻውን የሚሠራው ሥራ በጣም አድጓል።

የኢንቴልን ቁጥር ማንበቡ ቀላል ነው። ከመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች በፊት ያለው ጀነሬሽኑ ነው፦ 3770 ሦስተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12400 ዐሥራ ሁለተኛ። ራይዘን የሚባሉትን ፕሮሰሰሮች የሚሠራው ተፎካካሪው ኤኤምዲ እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ያጋባል። ራይዘን 5 3400ጂ እና ራይዘን 5 3600 ሁለቱም በ3 ቢጀምሩም 3400ጂ የተሠራው በቀደመው የውስጥ ንድፍ በዜን ፕላስ፣ 3600 ደግሞ በዜን 2 ነው።

ከውጭ ድርጅቶች ወጥተው የሚመጡትን ያገለገሉ ዴስክቶፖች የምትመለከቱ ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሞዴል ራሱ ብዙ ይናገራል። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ካያችሁ ስምንተኛ ጀነሬሽን ደርሳችኋል። ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ዴል ይህንን ቁጥር በ2012 ለሦስተኛ ጀነሬሽን ሰጥቶት ነበር፤ በ2023 ደግሞ ለዐሥራ ሦስተኛው መልሶ ተጠቀመበት። ምን አስበው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ስምንተኛውን ደጋግሜ የማነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አይ5 ከአራት ኮር ወደ ስድስት ያደገው እዚያ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ወዲህ ያሉትን ነው፤ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያሉትን አብዛኞቹን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌው ላይም 11ን በአቋራጭ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገ ለሚመጣው ማሻሻያ ግን ዋስትና የላችሁም። የአክስቴ ልጅ አይ7ቱን ትቶ አይ5-8500 ገዛ።

የመጨረሻዋን ፊደል መናቅ

በኢንቴል ቁጥር መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለ ውስጡ ግራፊክስ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልክ ክፍል) የለም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አንድ ወዳጄ 12400ኤፍ ገዝቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሞኒተሩን ሲጠረጥር ነበር። ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ኤፍ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው።

ሰርግ ቀርጸው የሚያቀናብሩ ልጆች ግን ግራፊክስ ካርድ ቢኖራቸውም ኤፍን ሁለት ጊዜ ቢያስቡበት እላለሁ። አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች የሚቀርጹት ባለ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265 ቪዲዮ (ብዙ የቀለም መረጃ ይዞ በጣም የታመቀ) ለኮምፒውተር ከባድ ነው። ከዐሥራ አንደኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለው የኢንቴል ውስጣዊ ግራፊክስ ይህን ፋይል በሃርድዌር ይፈታዋል። የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ይህንን የጀመሩት በ2025 በመጡት አርቲኤክስ 50ዎች ነው። ስለዚህ ለፊልም ሥራ ብሎ ኤፍ ገዝቶ ጥቂት ገንዘብ ያዳነ ሰው ታይምላይኑ ሲንተፋተፍበት ይውላል።

ኤኤምዲ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። እስከ 5000 ድረስ ባሉት ራይዘኖች ግራፊክስ ያለው ጂ የተጻፈበት ብቻ ነው። ከ7000 ወዲህ አብዛኞቹ ስክሪን የሚያበራ ትንሽ ግራፊክስ አላቸው፤ እንደ 7500ኤፍ ያሉት ሲቀሩ። «5600ጂ ግራፊክስም ስላለው ይበልጣል» ሲባልም እሰማለሁ። የ5600 ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) 32 ሜጋባይት ሲሆን የ5600ጂ 16 ብቻ ነው። ጌም ለሚጫወትና ካርድ ላለው ሰው ጂ የሌለው ይሻላል።

ወደ ኢንቴል ስንመለስ ኬ ማለት ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው፤ ለዚህ ግን ስሙ በዜድ የሚጀምር ማዘርቦርድ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ያስፈልጋል። ኤች610 በሚባል ማዘርቦርድ ላይ ኬ መሰካት ለማይጠቀሙበት ነገር መክፈል ነው፤ የኢንቴል ኬ ካርቶኑ ውስጥም ፋን የለውም። ቲ ደግሞ በ35 ዋት እንዲሠራ የተገደበ ነው። አይ7-8700ቲ እና አይ7-8700 በዋጋ እኩል ከቀረቡላችሁ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም።

የፕሮሰሰሩን ዋጋ ብቻ መደመር

ፕሮሰሰር ቀላል ዕቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይገባል። ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ፌርፋክስ ካለው ማይክሮ ሴንተር ገዝቶ ሲልክ ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ያለው ማዘርቦርድ ሳይቀበለው ሲቀር ነው። በተለይ ኤልጂኤ 1151 የሚባለው የኢንቴል ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት መሰኪያ) ብዙ ሰው አታሏል። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽንም፣ 8ኛና 9ኛም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ቅርጹም ይገጥማል፤ ነገር ግን 8ኛው በ6ኛው ቦርድ ላይ አይነሳም። ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ያለበት ቦርድ ያለው ሰው ደግሞ 5600 ከማስመጣቱ በፊት ባዮሱን (የቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም) ማደስ ሊኖርበት ይችላል። ማደሻው የድሮው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ ከተነቀለ በኋላ ትዝ ሲላችሁ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ያንን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ።

በአዲስ ለሚጀምር ሰው ሒሳቡ በማዘርቦርድና በራም ጭምር ነው የሚሠራው። የኤኤም4 ተከታይ የሆነው ኤኤም5 ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። የኢንቴሉ ሶኬት ኤልጂኤ 1700 ደግሞ እንደ ቦርዱ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ይሠራል፤ 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽንን ይቀበላል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በመወደዱ፣ ቤቱ ውስጥ የዲዲአር4 ራም ላለው ሰው 12400 ወይም ራይዘን 5 5600 እስካሁን ከባድ ተፎካካሪዎች ናቸው። ኤኤም5 ለነገ የተሻለ መንገድ አለው፤ ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ የመቀየር ልማድ ከሌላችሁ ግን ለዚያ መንገድ ዛሬ መክፈሉ አይታየኝም።

ለማይጠቀሙበት ኮር መክፈል

ፒችትሪና ኤክሴል የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ዐሥራ ስድስት ኮር ምንም አይሠራላትም። የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ እንኳ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው፤ ብዙ ኮር የሚበላው ሬንደር (ንድፉን ወደ ምስል መቀየር) ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ለተጫነ ዊንዶውስ አይ7 ከመግዛት አይ3 ከኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ጋር ይግዙ። በውስጣዊ ግራፊክስ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ራሙ ከአንድ 16 ጂቢ ይልቅ ሁለት 8 ጂቢ ይሁን፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ይኼንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ ጌም ላይ በዓይን ይታያል።

ሙቀቱንና መብራቱን መርሳት

12400 እስከ 117 ዋት ሊስብ ይችላል፤ 13700ኬ እስከ 253። ሁለተኛው ትልቅ ፋን፣ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይና ከበድ ያለ ዩፒኤስ ይፈልጋል። መብራት ድንገት በሚሄድበት ቤት ዩፒኤሱ ፋይል እስክታስቀምጡ ካልጠበቃችሁ ያ ሁሉ ፍጥነት ዋጋ የለውም።

ሳያስነሱ መክፈል

ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ይነሳ። ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን ስም ያሳያል፤ ያ ስም ግን በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ) ሊቀየር ስለሚችል ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን የፕሮሰሰር መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና የኮሩን ብዛትና የሶኬቱን ዓይነት አመሳክሩ። ያገለገለ የኤኤም4 ፕሮሰሰር ለብቻው ከሆነ እግሮቹን በብርሃን እዩ፤ ፒኖቹ ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆኑ አንዱ ቢጣመም አይነሳም። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ደግሞ ቮልቴጅ እየበዛ ቺፑን የሚጎዳበት ችግር ነበር፤ በኦገስት 2024 ማስተካከያው ወጥቷል። ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ ነው፤ የተጎዳን ቺፕ ግን አይጠግንም። ያገለገለ 13900ኬ ወይም 14900ኬ ሲቀርብላችሁ ሻጩ ባዮሱን መቼ እንዳደሰው ጠይቁ፤ ካላወቀ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።