ጂኦሎጂን በማዕረግ ለመጨረስ፦ የደጀን ልጅ ምክር

ጂኦሎጂ ሲደርሳችሁ ብዙዎቻችሁ እንደሚከፋችሁ አውቃለሁ። እኔንም ከፍቶኝ ነበር። የትምህርት ክፍል መምረጫ ፎርሙ ላይ ስድስተኛ ምርጫዬ ነበር። ያደግኩት ደጀን ነው፣ የዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ያንን ገደል በየቀኑ እያየሁ አድጌ፣ አንድ ቀን እሱን አንብቤ ዲግሪ እይዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባሕር ዳር ገብቼ ተማርኩና በማዕረግ ተመረቅሁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች እየደወሉ «እንዴት አደረግሽው?» ይሉኛል። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የግቢያችሁን የሴኔት ሕግ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከሲኒየር የሰማችሁትን አትመኑ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግ የሚጀምረው 3.25 ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት የታላቅ ማዕረግ ደረጃዎች ግን ከግቢ ግቢ ይለያያሉ። ዋናው መታየት ያለበት የኤፍ ጉዳይ ነው። ኤፍ ያለበት ተማሪ ኮርሱን ደግሞ ተምሮ ቢያልፈውም፣ ሲጂፒኤው (አጠቃላይ የውጤት አማካዩ) ቢሞላም፣ ማዕረጉን ሊያጣ ይችላል። ይህን በአራተኛ ዓመት ከማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ይሻላል።

ከዚያ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ጥሩ አልነበረም፤ ካልኩለስ ሲ ሰጠኝ፣ አማካዬ 3.0 ሆነ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ። በየሴሚስተሩ 16 ክሬዲት ቢያዝ፣ 16 ክሬዲት በ3.0 ማለት 48 ነጥብ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ያለምኩትን 3.5 ለመድረስ ጠቅላላ 112 ስለሚያስፈልግ ቀሪው 64 ነጥብ ነው፤ ማለትም ሁሉንም ኤ። ይህ ያስፈራል። ግን ስምንት ሴሚስተር ሙሉ ብታስቡት 128 ክሬዲት ነው፣ 3.5 ለማምጣት 448 ነጥብ። 48ቱን ስትቀንሱ 400 ነጥብ በ112 ክሬዲት ይቀራል፣ በአማካይ 3.57። በአንድ ሴሚስተር የማይቻል የመሰለኝ ነገር በሰባት ሴሚስተር ሲከፋፈል የሚቻል ሆነ። ያን ቀን ተረጋግቼ ተኛሁ። የእናንተን የክሬዲት ቁጥር አስገብታችሁ ሥሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጂኦሎጂ ላይ ውጤት የሚወጣው ፊልድ ላይ ነው። ሃንድአውት ሸምድዶ ኤ የሚያመጣ ተማሪ አለ፣ አልክድም። ግን ስትራክቸራል ጂኦሎጂ (የድንጋይ እጥፋትና ስብራት)፣ ስትራቲግራፊ (የድንጋይ ንጣፎች ቅደም ተከተል)፣ ፔትሮሎጂ (የድንጋይ ዓይነትና አፈጣጠር)፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ሁሉም ድንጋዩን በዓይኑ ያየውን ሰው ይጠቅማሉ።

ጎጃም ውስጥ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከደጀን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ራሱ መማሪያ ክፍል ነው። ላይ ባዛልቱ፣ ከላቫ የረጋው ጥቁር ድንጋይ፣ አለ፤ የደጋችን ባዛልት አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጄሶና ሼል (ከጭቃ የረጋ ስስ ድንጋይ) የሚፈራረቁበት፣ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን የሚባለው ንጣፍ፣ ታች ወንዙ ጋ ስትደርሱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። መምህር ሰሌዳ ላይ የሚሥለውን ኮለም (የንጣፎቹን ቅደም ተከተል ሥዕል) በእግራችሁ ትወርዱታላችሁ። እኔ በዕረፍት ጊዜ ከወንድሜ ጋር ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። የስትራቲግራፊ ፈተና ላይ እየሣልኩ የነበረው የማውቀውን መንገድ ነው።

ስትወርዱ በጠዋት ውረዱ። ታች ያለው ሙቀት ከቀትር በኋላ ሐሳብ አያሰበስብም። ውሃ በብዛት ያዙ። መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ስለሚበዛ ኩርባ ላይ ቆማችሁ ድንጋይ አትመርምሩ።

ትንሽ ጠርሙስ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከላቦራቶሪ አስፈቅዳችሁ ያዙ። የኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ስታደርጉት ይፈላል። የኖራ ድንጋይ የሚመስለው ዶሎማይት ግን ካልተፋቀና ካልደቀቀ በቀር እምብዛም አይፈላም። ጄሶ ላይ ምንም የለም፤ እሱን በጥፍር ፍቃችሁ ትለዩታላችሁ። እነዚህን ሦስቱን ሜዳ ላይ መለየት የሚችል ተማሪ የፊልድ ፈተና አይፈራም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሰባት ናሙና ሰብስቤ ቁጥር ሳልጽፍባቸው አንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። ማታ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ሲደርስ የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ አልቻልኩም። ሪፖርቱ ተበላሸ፣ ሲ ፕላስ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ደንቤ አንድ ነው፦ ድንጋዩ ከአለቱ እንደተላቀቀ፣ ገና እጄ ላይ እያለ፣ በማርከር ቁጥሩን እጽፍበታለሁ፤ ያንኑ ቁጥር ከጂፒኤስ ንባቡ ጋር ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። በእርሳስ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ንድፍም ሥሩ፣ ባያምርም። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ስትሥሉ ነው የምታዩት።

ስለ ጂፒኤስ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ብዙ ልጅ ይዘነጋዋል። የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የቆየው አዲንዳን ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) ላይ የተሠሩ ናቸው። ስልካችሁና ጂፒኤሱ የሚያነቡት ደግሞ በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳታስተካክሉ ካርታው ላይ ካሰፈራችሁ ነጥባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በረሃው ጫፍ ላይ 200 ሜትር ማለት ባዛልት ላይ የለካችሁት ስትራይክና ዲፕ (የንጣፉ አቅጣጫና ዝንባሌ) ኖራ ድንጋይ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የካርታ ዞናችን (ዩቲኤም) 37 ሰሜን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የመሣሪያውን ሴቲንግ አስተካክሉ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ትንሽ ቦታ ምረጡ፤ ደጋግማችሁ ልትሄዱበት የምትችሉትን። «የጎጃም ጂኦሎጂ» የሚል ርዕስ አይጨረስም። እኔ የመረጥኩት ከቢቸና ወጣ ብሎ ያሉ ምንጮችን ነው፤ አክስቴ ቤት እያደርኩ ነበር የምሠራው። የመጀመሪያው ቀን መዶሻዬን ይዤ ስዞር አንድ ሽማግሌ መጡ።

«ልጄ፣ ወርቅ ተገኘ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ውሃው ከየት እንደሚወጣ ነው የማየው።»

«ውሃውንማ እኔ ላሳይሽ» ብለው ቀደሙኝ። ሙሉ ቀን አብረውኝ ዋሉ። ያሳዩኝ ሦስት ምንጮች በጂፒኤሱ ሲነበቡ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ሦስቱም ጋ ከተሰነጣጠቀው ባዛልት ሥር ቀይ የሸክላ አፈር ንጣፍ አለ። በሁለት የላቫ ፍሰቶች መካከል የቀረ የጥንት አፈር ነው። ውሃው ስንጥቁን ይዞ ይወርድና ሸክላው ሲይዘው በጎን ይወጣል። ጽሑፌ በሙሉ የቆመው በዚያ ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ማሳ ላይ ስትገቡ ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ፣ የመጣችሁበትን በግልጽ ንገሩ። የአገሩ ሰው ምንጩንም፣ የሚንሸራተተውን መሬትም ከእናንተ በፊት ያውቃል። ምስጋና ገጹ ላይም አስቡት።

አድቫይዘራችሁን እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። በየሁለት ሳምንቱ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ገጽም ይሁን።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። እኛ ከመጀመሪያዎቹ ነበርን። 50 ከመቶ ካላመጣችሁ ሲጂፒኤያችሁ 3.9 ቢሆንም ዲግሪው አይሰጥም። የሁለተኛ ዓመት ሚነራሎጂ (የማዕድናት ጥናት) ተመልሶ እንደሚመጣ አስቡና ደብተር አትጣሉ። እኛ አራት ልጆች ሆነን ኮርሶቹን ተከፋፈልን፤ እያንዳንዳችን የደረሰንን ለሦስቱ እናስተምር ነበር። እኔ የደረሰኝ ኦፕቲካል ሚነራሎጂ (ማዕድንን በማይክሮስኮፕ መለየት) ነው፣ የምጠላው። ሌላ ሰው ለማስረዳት ስሞክር ነው የገባኝ።

ውጤት በወጣ ቁጥር በየሴሚስተሩ ግሬድ ሪፖርታችሁን ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ያልገባ ውጤት ካለ፣ ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ከተባለባችሁ፣ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂውንም አስቀሩ። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው። ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ስትሆኑ ደግሞ የክሬዲቱን ድምር ከካሪኩለሙ ጋር ራሳችሁ ቁጠሩ፤ የስማችሁን አጻጻፍም እዩ።

ክሊራንስ ስትጨርሱ ኮምፓሱን ወደ ስቶር መመለሳችሁን አትርሱ። አንድ ጓደኛችን በዚያ ምክንያት ዲግሪውን ለመውሰድ አንድ ሳምንት ቆይቷል።