መርካቶ ገብታችሁ የሀገር ውስጥ ቆዳ ጫማ ሳትሸወዱ እንዴት ትገዛላችሁ

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ወደ ለገሃር ስወርድ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የበግ ቆዳ ተከምሮ ዝንብ ወሮት አየሁ፣ ቢያንስ አስራ አምስት ይሆናል። ልጅ ሆነን "የበግ ቆዳ፣ የፍየል ቆዳ" እያለ የሚጮኸው ሰውዬ የበጉ ብልት ወጥቶ ሳያልቅ በራችን ላይ ይደርስ ነበር፣ እናቴ ተከራክራ የተቀበለችውን ብር ለደብተራችን ታስቀምጠው ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም፣ ቢመጣም የሚሰጠው ብር የታክሲ አይሆንም። በዛው መንገድ የሚያልፈው ሰው እግሩ ላይ ያደረገው ደግሞ አብዛኛው ባህር ተሻግሮ በዶላር የገባ፣ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ከአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ የሆነች ሀገር! ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላኛል፣ ለዛ ነው የማውቀውን ልጽፍላችሁ የተነሳሁት።

የማውቀው ከአጎቴ ነው። መርካቶ ሸራ ተራ ስድስት ሰራተኛ ይዞ የወንድ ጫማ ይሰራ ነበር። እዛ አካባቢ ያለው ሙያ የትናንት አይደለም፣ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያዎቹን የጫማ ፋብሪካዎች የከፈቱት አርመኖች ናቸው በጣሊያን ጊዜ አካባቢ፣ ከዛ እነሱ ጋር የተማሩ ሰራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፣ አንዱ ሌላውን እያስተማረ ሰፈሩ በሙሉ ጫማ ሰሪ ሆነ። ደርግ ወድቆ ገበያው ሲከፈት፣ ቀረጡም ሲቀንስ፣ በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ እንደ ጎርፍ ገባ፣ ያማረ፣ ቀለል ያለ፣ ዋጋውም የአጎቴን ቆዳ መግዣ የማይሞላ። ብዙ ቤት ተዘጋ። የአጎቴም።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ያኔ የተረፉት ሰሪዎች ቁጭ ብለው አላለቀሱም፣ የመጣውን ጫማ ፈታተው አይተው ዲዛይናቸውን ቀየሩ ሶሉን አሻሻሉ፣ በጥቂት አመት ውስጥ የወንድ ቆዳ ጫማ ገበያውን መልሰው ያዙት። ያኔ ለውጭው የቀረው በብዛት የሴትና የስፖርት ጫማው ነበር። ይሄ የሆነው ገዢው ልዩነቱን ማየት ስለቻለ ነው፣ የቻይናው ክረምት ላይ ሲፈርስ የኛው ቆመ። ዛሬ ያጣነው እሱን ይመስለኛል፣ ማየት። ሻጩ "ኦሪጅናል ሌዘር ነው" ካለን ጨርሰናል።

እሺ ወደ ስራው። መጀመሪያ መርካቶ ከመሄዳችሁ በፊት ሊስትሮ ጋር ቁጭ በሉ። የምሬን ነው። ሜክሲኮም ሆነ ስታዲየም አካባቢ የሚሰራ ሊስትሮ በቀን ስንት ጫማ እጁ ላይ እንደሚገባ አስቡት፣ የትኛው ጫማ በስንት ወሩ እንደሚላጥ ከማንም በላይ ያውቃል። የኔ ደንበኛ ልጅ ያሳየኝን ልንገራችሁ፦ ትንሽ ቀለም የሌለው ክሬም በጣቱ ወስዶ ጫማው ጎን ላይ ቀባና ጠበቀ። ቆዳው ቀስ እያለ ጠጣው፣ ቦታው ትንሽ ጠቆረ፣ ከዛ መለሰ። አጠገቡ ያለው ጫማ ላይ ግን ክሬሙ እንደ ቅቤ ቁጭ አለ፣ በጨርቅ ሲጠርገው ምንም እንዳልነካው ሆነ። "ይሄ ጋሼ ላስቲክ ነው፣ ያበራል እንጂ አይጠጣም" አለኝ። (ከላይ ወፍራም ቀለም የተነፋበት እውነተኛ ቆዳም ብዙ ላይጠጣ ይችላል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትወስኑ።)

ሱቅ ስትገቡ የምታዩት የተቆረጠውን ጠርዝ ነው። የጫማውን ምላስ ገልብጡት፣ ወይ ገበሩ በደንብ ያልተጣበቀበት ቦታ ፈልጉ፣ ሁሌ አንድ ቦታ አይጠፋም። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ እንደ ተፈታ ገመድ ጭረት ጭረት ያለው ነው፣ ስትፍቁት ብናኝ ይወጣል። ሲንተቲኩ ከስር ጨርቅ አለው ከላይ ስስ ሽፋን፣ ሁለት ንጣፍ ሆኖ በግልፅ ይታያል። ቀጥሎ በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ቆዳ በጣታችሁ ዙሪያ እንደ ሰው ቆዳ ደቃቅ መስመር ያወጣና ስትለቁት ይመለሳል፣ ሌላው ሰርጎድ ብሎ ቀጥ ያለ ነው።

ሽታ አትመኑ፣ የቆዳ ሽታ ይረጫል። ላይተር አብርቶ ጫማው ላይ ሲያሳልፍላችሁም "አየህ አይቃጠልም" ሲል አትመኑ፣ እሳቱ ቶሎ ካለፈ ፕላስቲኩንም ምንም አያደርገውም።

ስፌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሶሉ ዙሪያ የሚታየው ክር እውነት አይደለም አንዳንዴ፣ ላስቲኩ ሲቀለጥ አብሮ የታተመ ቅርፅ ነው፣ ጥፍራችሁን ከክሩ ስር ለማስገባት ሞክሩ። ከዛ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡና የውስጥ ሶሉን አንሱት፣ በእውነት ከተሰፋ ክሩ ውስጥም አለ። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጥሩ ማስቲሽ በደንብ ደርቆ ከተጫነ ብዙ ይቆያል፣ ግን ፊት ለፊት ጣት የሚታጠፍበት ጋ ጫማውን ስታጥፉት ክፍተት ካያችሁ ነሐሴን አይሻገርም። ሌላው ተረከዙን ከኋላ ጨመቅ አድርጉት። ጠንካራ ሆኖ መመለስ አለበት። ውስጡ ካርቶን ካለ ይሰረጉዳል፣ ካርቶን ደግሞ አንድ የክረምት ውሃ ከጠጣ አበቃለት። እኔ ራሴ ከአንድ ትልቅ ሱቅ "ፑር ሌዘር" ተብዬ የገዛሁት ሐምሌ ላይ ከተረከዙ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ተላጠብኝ፣ ልመልስ ብዬ ስሄድ ውሃ ስላገባህበት ነው አሉኝ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የማይገባበት ጫማ የት ነው የሚለበሰው?

"ሜድ ኢን" የሚለውን ፅሁፍ በተመለከተ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። አጎቴ መሳቢያ ውስጥ አንድ ማህተም ነበረችው፣ "ሜድ ኢን ኢታሊ" የምትል። በገዛ እጁ የወጠረውን፣ በገዛ ወስፌው የበሳውን ጫማ እሷን ይመታበታል፣ ካልመታ አይሸጥለትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይሄ ነው። ስለዚህ ማህተም አይታችሁ አትግዙ፣ ማህተም አይታችሁም አትተዉ። ሻጩን "እውነቱን ንገረኝ፣ የኛ ከሆነ ነው የምገዛው" በሉት። ፊቱ ሲቀየር ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ወዲያው ሰሪውን ጠርቶ ያገናኛችኋል።

ሰሪውን ካገኛችሁ ማዘዝ ይሻላል። እግራችሁን ወደ ማታ አካባቢ ለኩ፣ ጠዋት እግር አያብጥም። ወረቀት ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም እግር በእርሳስ አዙሩ፣ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከዛ በልብስ ሰፊ ሜትር የእግራችሁን ሰፊ ቦታ ዙሪያውን ለኩ። ቁጥር 41 ብላችሁ ብቻ ካዘዛችሁ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ ይገድላችኋል፣ ምክንያቱም ሰሪው ያለው ፎርማ (ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርፅ) የሁሉንም እግር አይመስልም። ቆዳውን ሳይቆረጥ እዩት። የኛ ሀገር ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ይኖራል፣ እከክ የሚባለው የተባይ በሽታ የሚተወው ነው፣ ከኋላ ወይም ምላስ ላይ እንዲውል ጠይቁ እንጂ የሚታጠፈው ቦታ ላይ አይሁን። ቀብድ ስጡ፣ ግማሽ ከሆነ ይበቃል፣ ቀኑንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ፃፉ፣ ሶሉ ቢከፈት እስከ መቼ በነፃ እንደሚያጣብቅ ተስማሙ። ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው አትዘዙ፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው የሚሰጧችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዋጋ ላይ ስትከራከሩ ከጀርባው ያለውን እወቁት። ቆዳው የኛ ቢሆንም ማስቲሹ፣ ሶሉ፣ ገበሩ፣ ክሩ ሳይቀር ብዙው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ የሰሪው ወጪ አብሮ ዘለለ። ቻይና ያለው ፋብሪካ ግን ሶል ሰሪው፣ ማስቲሽ ሰሪው፣ ዘለበት ሰሪው እዛው ጎረቤቱ ናቸው፣ በአስር ሺዎች ጥንድ ያዛል። ርካሽ የሆነው ሰራተኛው ከኛ ሰው በልጦ አይደለም። እስቲ ደግሞ በእድሜ አካፍሉት፦ ለምሳሌ 2,000 ብር ሰጥታችሁ ስድስት ወር የሚቆይ ብትገዙ በሶስት አመት 12,000 ወጣ፣ 4,500 የሰጣችሁበት ቆዳ ሁለት ጊዜ ሶል በ800 በ800 ብታስቀይሩት 6,100 ነው።

"ታዲያ የውጭውን ጫማ ቀረጥ ጨምሮ ማስቆም ነው እንጂ" የሚለኝ ሰው አለ። በከፊል ልክ ነው፣ መንግስትም አንድ ወቅት ጥሬ ቆዳ እንዳይወጣ 150 በመቶ የወጪ ታክስ ጥሎ ነበር፣ ቆዳው እዚሁ ይለፋ ተብሎ። ግን መልፋት ብቻውን ጫማ አላደረገውም። ለውጭ ገበያ ተብለው የመጡት ትልልቅ ፋብሪካዎችም፣ ዱከም ላይ በ2004 የገባው የቻይናው ጫማ ፋብሪካ ሁዋጂያን፣ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት ልብስ ሰፊዎች፣ ብዙ ሰው ቀጥረዋል፣ ሆኖም ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ አሜሪካ አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ እድሏ ስታስወጣን ያለ ቀረጥ እዛ መግባት ቀረና ከሀዋሳ ትልቁ ገዢ ቀድሞ ጥሎ ሄደ። የሌላ ሀገር በር በአንድ ፊርማ ይዘጋል። የኛ በር ደግሞ ወደፊት እየተከፈተ ነው የሚሄደው፣ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት ልግባ ብላ ያመለከተችው በ1995 ነው፣ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠናውንም ፈርማለች፣ ችርቻሮውና ጅምላው ራሱ በ2016 ለውጭ ሰው ተፈቅዷል። ሸራ ተራ ያለው ሰውዬ ከዚህ ሁሉ ፊት ቆሞ ያለው አንድ ነገር ደንበኛ ነው፣ እውቀት ያለው፣ ስፌቱ ጠማማ ነው ብሎ የሚመልስ፣ ጥሩ ሲሆን ተመልሶ የሚያዝ።

ጫማውን ከገዛችሁ በኋላ ሲረጥብ ውስጡ ጋዜጣ ጨምቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሀይ ወይ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይሰነጠቃል። አንድ ቀን አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት። በሳምንት አንዴ ክሬም፣ ቀለም ብቻ አይደለም።

እና በዓል ሲመጣ የበጉን ቆዳ ስትገፉ ቢላዋ ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል፣ ከእግሩ ጋ ብቻ ቅደዱና ቀሪውን በቡጢ ግፉት፣ እያንዳንዷ የቢላዋ ጭረት ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ ቀዳዳ ነው የምትሆነው። ወዲያው ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ላይ ዘርጉት፣ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው በስጋው በኩል ጠርዙ ድረስ በትኑበት። ለነገ ካላችሁት ይሸታል፣ ፀጉሩም ይለቃል። ሰብሳቢውን ደግሞ ከበዓሉ በፊት ፈልጉት፣ እኛ ግቢ ዘንድሮ አራት ቤት ሆነን አንድ ላይ ጨው አድርገን ጠብቀን ደውለንለት በጋሪ መጥቶ ወስዶታል።