የድሮ ሌንሶችን ስታወዳድሩ መጀመሪያ ፎከሱን አረጋግጡ

ሁለት የድሮ ማኑዋል (ፎከሳቸው በእጅ የሚስተካከል) የካሜራ ሌንሶችን አነጻጽራችሁ «ይሄኛው ደብዛዛ ነው» ከማለታችሁ በፊት ጥፋቱ የእጃችሁ እንዳይሆን እዩ። የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ሲከፈት፣ ለምሳሌ ሄሊዮስ 44-2 የተባለው የሶቪየት ሌንስ በኤፍ 2 (በሰፊው ቀዳዳው)፣ ጠርቶ የሚወጣው ክፍል በጣም ቀጭን ስለሆነ ትንሽ መሳት ጥሩውን ሌንስ መጥፎ ያስመስለዋል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሙ፣ ስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልታችሁ ፎከስ አድርጉ፣ በታይመር አንሱ። በእያንዳንዱ ሌንስ ሦስት ጊዜ አንሱ፤ በየመሃሉ ፎከሱን አበላሽታችሁ እንደገና አስተካክሉት። ከሦስቱ ምርጡን ብቻ ያዙ።

ጠርዙ ቢደበዝዝም ቶሎ አትፍረዱ። ፎከሱን እዚያው ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት፤ አሁን ከጠራ ሌንሱ የሚያተኩርበት ወለል ጎባጣ ነው ማለት ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሞዴሉ ሳይሆን የያዛችሁት ሌንስ ችግር ነው።

ዋይት ባላንስን (ካሜራው ቀለምን የሚያመዛዝንበትን ማስተካከያ) አውቶ ላይ አትተዉ። መስታወታቸው ውስጥ ቶሪየም (ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር) ያለባቸው አንዳንድ የ50 ሚሜ ታኩማሮች (የፔንታክስ የድሮ ሌንሶች) በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳሉ፤ አውቶው ይህን ይደብቅባችኋል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ (እኔ ይህን ረስቼ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ) በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ጭጋግ ካለ እዩ።