መለኪያው እኩል ነው ሲል ጆሮ አይደለም ካለ

ድምፅ የሚያርም ሰው ከመለኪያው ጋር የማይጣላበት ቀን የለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን መለኪያው የሚያሳየው ጫፉን (ድምፁ ለቅጽበት የደረሰበትን ከፍታ) ይሁን አማካዩን እዩ። ጫፉ ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚነግራችሁ በጣም ጥቂት ነው።

ችግር፦ ሁለት ድምፆች በዴሲቤል እኩል ናቸው፤ አንዱ ግን ጎልቶ ይሰማል።

ምክንያት፦ የውስጥ ጆሮ ድምፁን በድግግሞሽ ከፋፍሎ በየክፍሉ ይመዝነዋል። በ1,000 ሄርዝ አካባቢ የአንዱ ክፍል ስፋት 160 ሄርዝ ገደማ ነው። የድምፁ ጉልበት በአንድ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ቢጠብም ቢሰፋም ለጆሮ ያው ነው። ወደ ጎረቤት ክፍሎች ሲፈስ ግን አንዲት ዴሲቤል ሳይጨመርበት ይጎላል። የመስማት ተመራማሪዎቹ ዝዊከር፣ ፍሎቶርፕ እና ስቲቨንስ በ1957 ያሳተሙት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው።

በራሳችሁ ጆሮ ሞክሩት። ጣቢያ እንዳልያዘ ሬዲዮ ሽ የሚል ድምፅ ወስዳችሁ ከ950 እስከ 1,050 ሄርዝ ያለውን ብቻ አስቀሩ። ቀጥሎ ከ500 እስከ 1,500 ሄርዝ ክፈቱትና ዴሲቤሉን ወደ ቀድሞው መልሱ። ሁለተኛው ጎላ ብሎ ይሰማችኋል። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ከሞከራችሁት ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

መፍትሄ፦ ሉፍስ (LUFS፣ ጉልህነትን ለመለካት የወጣ አሃድ) የሚያሳይ መለኪያ ከዴሲቤል መለኪያ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ አትመኑት። እሱም ድግግሞሹን ካመዛዘነ በኋላ የሚደምረው ጉልበትን ነው። የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው፦ ሰፊውን ድምፅ መጀመሪያ ግልጽ ሆኖ እስኪበልጥ ከፍ፣ ከዚያ ግልጽ ሆኖ እስኪያንስ ዝቅ አድርጉ፤ መሃሉን ያዙ። እኩል ከሚመስለው ቦታ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መነካካት ጆሮን ያደክማል እንጂ ውጤት የለውም።

ችግር፦ ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) ይጠፋል። መሣሪያችሁ አልተበላሸም። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው፤ ድክመቱም ድምፁ ባነሰ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ዝቅ አድርጋችሁ እየሰማችሁ ወፍራሙን አትጨምሩ፤ ከፍ ሲል ቤቱን ይሞላዋል። የማዳመጫ መጠናችሁን አንድ ቦታ ላይ አጽኑ።

ችግር፦ አጭር የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከፍ ቢደረግም አይጎላም። ጆሮ ጉልበትን እስከ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ እያጠራቀመ ይሄዳል፤ የ20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ሳይሞላ ያልቃል። ከማስጮህ ማስረዘም ይቀላል።

ችግር፦ ያስተካከልኩት ሁሉ ከቀድሞው ይሻላል። ይህኛው ደስ ስለሚል ማንም አይመረምረውም። ማጣሪያው ወይም ማጠናከሪያው ድምፁን በ1 ዴሲቤል ብቻ ቢያሳድገው እንኳ ጆሮ «ጠራ» ብሎ ይመሰክርለታል። ሁለቱን ቅጂዎች በጉልህነት አስተካክላችሁ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታዩ አዳምጡ። እኔ እንዲህ ባደረግሁ ቁጥር ከሥራዬ ግማሹን እሰርዛለሁ።