ቀልሃው እስኪናገር አትጠብቁ፦ በእጅ የተሞላ የማግነም ጥይት ግፊት ሲበዛበት

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ ጣና ዳር ቡና ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ዴንቨር ከሚኖረው የእህቴ ልጅ ሁለት ፎቶግራፎች ደረሱኝ። የሁለት ቀልሃዎች ግርጌ ነው። አምራቹ ስሙን በቀረጸበት ፊደል ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የሚያብረቀርቅ ምልክት ይታያል። «ጋሼ፣ የጠመንጃው መዝጊያ አልነሳ ብሎኝ እጀታውን በመዳፌ መትቼ ነው የከፈትሁት። የቀሩትን 18 ጥይቶች ልተኩሳቸው?» ይላል። ቡናዬን ሳልጨርስ ደወልሁለት። «አንድም እንዳትተኩስ!»

ኮሎራዶ በኖርሁባቸው 19 ዓመታት ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የማድንበትን ጥይት፣ በተተኮሰ ቀልሃ ውስጥ አዲስ ባሩድና አረር እየከተትሁ፣ ራሴ እሞላ ነበር። በዚያ አገር ሕጉ ሰው ለራሱ መገልገያ ጥይት እንዲሞላ ይፈቅዳል። ባሕር ዳር ስመለስ መሣሪያውን ሁሉ እዚያው ትቼው መጥቻለሁ፤ እዚህም ማንም በድብቅ እንዲሞክረው አልፈልግም። የምጽፈው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ሆነው ለሚሞሉ ወገኖቼ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ያዙ፤ ቀልሃ የግፊት መለኪያ አይደለም። የእህቴ ልጅ የሚሞላው .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለው ኃይለኛ የአደን ጥይት በአሜሪካ መስፈርት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 64,000 ፓውንድ ነው፤ የ7 ሚሊ ሜትሩ ሬሚንግተን ማግነም 61,000። ብዙ ጊዜ የቀልሃው ናስ ምልክት የሚያሳየው እነዚህ ቁጥሮች ከታለፉ በኋላ ነው። ልባም የጣና ቀዛፊ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ታንኳው እስኪሰጥም አይጠብቅም፤ ቀድሞ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ጥይት የሚሞላ ሰውም እንዲሁ ነው። «ምልክት አላየሁም» ማለት «ግፊቱ ልክ ነው» ማለት አይደለም።

ምልክቶቹም እኩል አይታመኑም። የእህቴ ልጅ ያያቸውን ሁለቱን፣ የመዝጊያውን መክበድና የግርጌውን ማብረቅረቅ፣ በቁም ነገር እወስዳቸዋለሁ። ናሱ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ በመዝጊያው ፊት ላይ ወዳለው የቀልሃ መግፊያ ቀዳዳ ፈስሷል፤ መዝጊያው ሲዞር ያንኑ እብጠት ፍቆ አብርቶታል። አዲስ ካፕሱል (በቀልሃው ግርጌ ገብታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን) ስትከቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ግልብ ብላ ከገባች ደግሞ ማቀፊያዋ ሰፍቷል ማለት ነው። ያ ቀልሃ ይጣል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙሊት እንዲህ ከሆነም ባሩዱ በዝቷል። ካፕሱል ተበሳስታ ወይም ዙሪያዋ በጭስ ጠቁሮ ካያችሁ የዚያ ቀን ተኩስ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠፍጣፋ ካፕሱል ግን ብቻዋን ልትመሰክር አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እነዚህ ሁለት ማግነሞች ከግርጌያቸው በላይ መቀነት አላቸው፤ ፋብሪካው ጥይቱ በጠመንጃው ጎሬ (ጥይቱ በሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል) ውስጥ በዚያ መቀነት ተደግፎ እንዲቆም ነው የሠራው። በተኩስ የሰፋውን ቀልሃ ወደ ልኩ ስትመልሱ ትከሻውን (ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ) ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከገፋችሁት በጎሬው ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል። ስትተኩሱ መጀመሪያ ካፕሱሏ ወደ ኋላ ትወጣለች፤ ከዚያ ቀልሃው ተገፍቶ ይመጣና በመዝጊያው ላይ ይደፈጥጣታል። ግፊቱ ልከኛ ሆኖ ሳለ ካፕሱሏ እንደ ሳንቲም ትጠፈጠፋለች። እንዲህ ያለው ቀልሃ ከመቀነቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ብሩህ ቀለበት ያወጣል፤ ናሱ እዚያ ላይ ተስቦ ሳስቷል። ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በአፉ አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት። ሽቦዋ ጎድጎድ ባለ ነገር ከያዘች ቀልሃው በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል፤ ጣሉት። መድኃኒቱ ባሩድ መቀነስ ሳይሆን ትከሻውን መዝጊያው ለመዘጋት የሚበቃውን ያህል ብቻ መግፋት ነው። ካፕሱሏ መርፌው በመታት ዙሪያ ከንፈር ካወጣችም የመርፌው ቀዳዳ ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ጠመንጃ የተተኮሰ የፋብሪካ ቀልሃ አጠገቧ አስቀምጣችሁ አስተያዩ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በስልክ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ሚዛኑን በመፈተሻ ክብደት አረጋግጦታል? አዎ። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ብቻ ስለሆነች ሚዛን ትንሽ ሲስት ብዙ ያሳስታል። ባሩዱ ከአዲስ ጣሳ ነው? አይደለም። ቢሆን ኖሮ የስሙ አንድ መሆን አይበቃም፤ የምርት ቁጥሩ ሲለወጥ ወደ ታች ተመልሶ መጀመር ነው። ቀልሃዎቹን ለካ፤ ለ.300 ከተፈቀደው 66.55 ሚሊ ሜትር አላለፉም። ቢያልፉ አንገታቸው የጎሬው ጫፍ ላይ ተጨምቆ አረሩን አልለቅም ይል ነበር። የመሙያ ቅባቱን ጠርጎታል፣ ጎሬውም ደረቅ ነው። ቅባት ካለ ቀልሃው የጎሬውን ግድግዳ መያዝ አቅቶት መዝጊያውን በኃይል ይገፋል። ጥይቶቹን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቷቸው እንደሆነ ጠየቅሁት፤ የጋለ ባሩድ ግፊት ይጨምራልና። ጥላ ውስጥ ነበሩ።

«አረሩስ?» አልሁት። «ያው 180 ግሬን ነው፣ ግን ዘንድሮ ሙሉ መዳብ የሆነውን ገዛሁ።»

ጉዳዩ እዚያ ነበር። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ክብደቱ እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል። እርሱ ደግሞ የዓምናውን የባሩድ መጠን ሳይነካ፣ የጥይቱንም ጠቅላላ ርዝመት እንደ ዓምናው አድርጎ ሞልቷል። ባሩድና ካፕሱል የሌለበት ባዶ ጥይት እንዲያዘጋጅ፣ አረሩን በሻማ ጥላሸት እንዲያጠቁረው፣ ጎሬው ውስጥ ከትቶ በቀስታ እንዲያወጣው ነገርሁት። ጥላሸቱ ላይ በእኩል ርቀት የተሰመሩ ትናንሽ ጭረቶች ተገኙ። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ያው ቢሆንም የአረሩ ቅርጽ ስለተለየ፣ ገና ሳይተኮስ የበርሜሉን ጥምዝምዝ ጥርቦች እየነካ ነበር፤ ሩጫ የሚጀምርበት ባዶ ቦታ ስላጣ ግፊቱ ከመነሻው ዘለለ። የፍጥነት መለኪያውም ነግሮት ነበር፤ የጥይት መሙያ መመሪያው መጽሐፍ ለዚያው ርዝመት በርሜል ከሚሰጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 30 ሜትር አልፏል። እርሱ ግን ጥሩ በርሜል የደረሰው መስሎት ተደስቶ ነበር። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ፍጥነት የለም፣ ትርፉ ፍጥነት የመጣው ከትርፍ ግፊት ነው።

18ቱን ጥይቶች በመዶሻ መሰል መንቀያ ፈታቸው። አረሩን ከጥርቦቹ 1.27 ሚሊ ሜትር አራቀ፣ ለዚያው አረር ከተጻፈው የመነሻ መጠን ጀመረ፣ በግማሽ ግሬን እየጨመረ በየደረጃው ሦስት ሦስት ተኮሰ። «ለጥንቃቄ ከመነሻውም በታች ልውረድ?» ሲለኝ ከለከልሁት። ለማግነም የሚሆነው ዝግተኛ ባሩድ ከመነሻው በታች ሲያንስ አቃጠሉ ይዛባል፤ አንዳንዴም ግፊቱ በድንገት ይወጣል።

መስከረም ላይ ሌላ ፎቶግራፍ ላከልኝ። የአምራቹ ፊደል ሳይፋቅ በጥርት ይነበባል፤ መዝጊያውም በሁለት ጣት ይነሳል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያው በሰከንድ 35 ሜትር ያነሰ ነው፤ እዚያው ላይ እንዲያቆም ነገርሁት።