ከበሮው ሲሞቅ ለምን ይቆማል? የምርት ዲዛይን ችግርና መፍትሄ

ስራዬ የምርት ዲዛይን ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ሰው በእጁ የሚሰራበትን ዕቃ አጠናለሁ፣ እስላለሁ፣ ናሙና አሰራለሁ፣ ሲሳካ ደግሞ በብዛት እንዲመረት አደርጋለሁ። ሲወራ ቀላል ነው። ከሰራኋቸው ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ በእጅ የሚዞር የገብስ ቆሎ መቁያ ነው። በርሜል መሳይ የላሜራ ከበሮ፣ ከስሩ እሳት፣ ከጎኑ እጀታ። ያሰብኩት ለደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ነበር። በደሴ መንገድ ያለፈ ሰው ያውቃቸዋል፤ መኪናው ገና ሳይቆም መስኮቱ ስር ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው በዚያ ስራ የገጠመኝ ብልሽት፣ መነሻውና መፍትሄው ነው። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ችግሩ የሚታየው ብየዳ ቤት ወይም ገበያ ላይ ነው፤ የተወለደው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። የተሰበረው ቦታ ላይ ብቻ አታፍጡ።

ሁሉም መረቀኝ፣ ማንም አልገዛም

የመጀመሪያውን ናሙና ይዤ ስሄድ ያልመረቀኝ አልነበረም። «እሰይ የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!» ቡና ተፈላልኝ። የዚያን ቀን ማታ ስንት እንደምሸጥ ሳሰላ አመሸሁ። ወር አለፈ፤ አንድም ጠያቂ የለም።

ጥፋቱ የጥያቄዬ ነው። እንግዳ ሰው ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ «እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?» ሲል «አይረባም» የሚል ሰው በእኛ አገር የት ይገኛል? ይሉኝታ አለ። ምርቃት ደግሞ ትዕዛዝ አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያወራሁት ከአባወራው ጋር ነበር፤ ምጣዱ ፊት የምትቀመጠው ግን ሚስቱ ናት።

አሁን ስለ ዕቃዬ አልጠይቅም። ስለ ትናንት እጠይቃለሁ። «እማማ፣ ትናንት ስንት ጊዜ ቆሉ? ምን ያህሉ አረረብዎ? ሲጨርሱ የትዎን አመመዎት?» ከዚያ አፌን ይዤ ገብሱ ከሚፈተግበት ጀምሮ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ናሙናውንም ሁለት ሳምንት ትቼው እሄድና ሳልደውል እመለሳለሁ። የከበሮው ሆድ ጥላሸት ከለበሰ እየሰራ ነው። ልብስ ተሰጥቶበት ካገኛችሁት መልሱን አግኝታችኋል። ሌላው አስተማማኝ ምልክት ቀብድ ነው። ትንሽም ትሁን፣ ከመቀነት ተፈትታ የምትወጣ ቀብድ ከሃምሳ ምርቃት የበለጠ ትነግራችኋለች።

እግሩ ተቆርጦ አገኘሁት

ይሄ በጣም ያሳፈረኝ ነው። የማዞሪያውን እጀታ ከመሬት 95 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ነበር። ሰው ቆሞ ሲሰራ እጁ ክርኑ አካባቢ ይሁን ነው የትምህርቱ ነገር። ስመለስ አራቱም እግሮች በመጋዝ ተቆርጠዋል። ከበሮው ጉልቻ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳይ ግን ገባኝ። የማድ ቤት ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ጭሱ ውስጥ ነው፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ግን ከስሩ ይተነፍሳል። ደግሞም ኩበቱ፣ ገብሱ፣ ሰፌዱ፣ የሚድኸው ልጅ፣ ሁሉም ያለው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የክርን ቁመት ስትለኩ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ስራቸውን በሚሰሩበት አቀማመጥ ለኩ። እኔ ቢሮ ውስጥ የቆምኩትን ራሴን ነበር የለካሁት።

የዚያኑ ቀን ሌላም ተገለጠልኝ። ቆሎው ግማሹ ያርራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። እሳቱ ነው ብዬ ከበሮው ውስጥ ገብሱን እያነሱ የሚጥሉ ሶስት ክንፎች አስበይጄ ነበር፤ ከሲሶ በላይ አትሙሉ ብዬም ነግሬ ነበር። ሁለቱም ረድተዋል። ግን አሁንም ያርራል። ለምን ብዬ ስጠይቅ አንዲት እናት ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዓይኔን ሸፍነህ ቁዪ ትለኛለህ?»

እውነት ነው። ምጣድ ላይ ቀለሙ ይታያል፣ መንጣጣቱ ይሰማል፣ ሽታው ሲለወጥ አፍንጫ ያውቀዋል። እኔ ይህን ሁሉ ላሜራ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። መፍትሄው ከክንፎቹ ይልቅ ርካሽ ነበር፦ በከበሮው ፊት ክዳን መሀል እጅ ጭልፋ ይዞ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ። ከሲሶ በታች እስከተሞላ ድረስ ገብሱ በዚያ አይፈስም። ማረሩ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲበርድ ይዞራል፣ ሲሞቅ ይነክሳል

ጠዋት በአንድ ጣት ይዞራል። እሳቱ ላይ ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ ይከብዳል፣ ይጮሃል፣ ይቆማል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይዞራል። በያጁ «ኩሽኔታው አሮጌ ነው» ብሎ ቀየረው፤ ኩሽኔታ የከበሮው ጫፍ እንደ ልብ እንዲዞር የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት ነው። አዲሱም እንደዚያው።

ይህን በስሌት ነው የያዝኩት። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ ላይ ወደ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። 65 ሳንቲ ሜትር ከበሮ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ከበሮውን የተሸከመው የብረት ፍሬም ግን እሳት ስለማያገኘው አይረዝምም። እኔ ደግሞ የከበሮውን ሁለት ጫፍ ፍሬሙ ላይ ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ። ወዴት ይርዘም? ኩሽኔታውን ይገፋል። የኩሽኔታው ግራሶም በሙቀቱ ቀልጦ ይፈሳል።

መፍትሄ፦ አንዱን ጫፍ እሰሩ፣ ሌላውን ለቀቅ አድርጉ። በእጀታው በኩል ያለው ጫፍ ይታሰራል፤ በወዲያኛው በኩል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ኩሽኔታውንም ጭራሽ አወጣሁት። በእጅ ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር ከእሳቱ ራቅ ያለ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ቱቦ ይበቃል። ሲበላሽ የትም ብየዳ ቤት ይሰራዋል።

ወርክሾፕ ውስጥ ይሰራል፣ እዚያ ግን እሳቱ ይሞታል

ይሄ አጭር ነው። እኔ የሞከርኩት በደረቅ ባህር ዛፍ፣ ግድግዳ ውስጥ ነው። እነሱ የሚያነዱት ኩበት ነው፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የታርማበር ተራራ ነፋስም አለ። ኩበት ከእንጨት ይልቅ አመዱ ብዙ ነው፤ ማገዶው የሚያርፍበትን የፍርግርግ ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ እሳቱ አየር ያጣል። የፍርግርጉን ቀዳዳ አስፉ፣ አመድ የሚጠራቀምበት ቦታ ከስር ተዉ፣ በነፋሱ በኩል ከለላ አድርጉ። ሙከራውን ደግሞ በእነሱ ማገዶ፣ በእነሱ ቦታ፣ ቢቻል ኩበቱ እርጥበት በያዘበት ክረምት አድርጉት።

ዋጋው አልቀመስ አለ

በያጁን «ቀንስልኝ» እያልኩ ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ዋጋውን ያናርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ወረቀት ላይ።

የመጀመሪያው ከበሮ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ነበር። ክብ ቁጥር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ክቡ ሲዘረጋ 126 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1 በ2 ሜትር ከሆነው ሙሉ ላሜራ አንድ ብቻ ይወጣል። ሌላው ቁርጥራጭ ነው።

ስፋቱን 31 ሳደርገው ሲዘረጋ ከ97 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። መደረቢያውን ጨምሮ በላሜራው 1 ሜትር ወርድ ልክ ይገባል። ርዝመቱን 65 ሳደርገው ደግሞ ከአንድ ላሜራ ሶስት ከበሮ ይወጣል። ለክዳኖቹ ሌላ ላሜራ ሲቆረጥ 18 ይሰጣል፤ ለአንድ ከበሮ ሁለት ሁለት ነው። በድምሩ በ4 ላሜራ 9 ከበሮ። ድሮ ለ9 ከበሮ 9 ላሜራ ይፈጅብኝ ነበር። የሚይዘው መጠን ቀንሷል፣ አልክድም። ግን ማንም ያንን ሁሉ በአንዴ ሲቆላ አላየሁም።

ለማርከስ ብላችሁ ግን የቆርቆሮ ዘር የሆነውን፣ ዚንክ የተቀባውን ላሜራ እንዳትነኩ። ሲበየድ ጭሱ በያጁን ያሳምማል፤ እሳት ላይ ለሚውል የምግብ ዕቃም አይሆንም።

አንዱ ያምራል፣ አምስተኛው አይገጥምም

ናሙናው ልክ ነበር። ሲበዛ ግን የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም፣ ፍሬሙ ይወላገዳል። «በያጁ ተዝረከረከ» ማለት ይቀናል። እኔም ብያለሁ።

ናሙናውን ሲሰራ ግን እየሞከረ፣ እየሞረደ ነበር ያገጣጠመው። ያ ልክ በእጁ እንጂ በስዕሌ ላይ አልነበረም። በስዕሉ ላይ እያንዳንዱን ልኬት ካለፈው ጫፍ እያስቀጠልኩ ነው የጻፍኩት። በየቁራጩ 1 ሚሊ ሜትር ቢስት አራተኛው ላይ 4 ይደርሳል። አሁን ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ነው የምለካው። ለቀዳዳዎቹ ሜትር አይወጣም፤ ካርቶን ቆርጬ እሰጠዋለሁ። ለፍሬሙ ደግሞ ቁራጮቹን በልካቸው የሚይዝ ፎርማ ከወፍራም ብረት አሰራን። ቱቦላሬው፣ ማለትም የፍሬሙ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ማዕዘኖቹ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ይያዛሉ፣ ከዚያ በተቃራኒ ጎን እያፈራረቀ ይበይዳል። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄደ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ፍሬሙን ይስበዋል።

በያጁ ስዕሉን ሳይከተል ያደረገው ነገር ካለም ከመቆጣታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁት። የእጀታውን መያዣ ከቱቦ ወደ ወይራ እንጨት የቀየረው እሱ ነው። ብረቱ እጅ እንደሚያቃጥል እኔ አላሰብኩትም።

አሁን እያንዳንዱ ከበሮ ፍሬሙ ላይ በመሮ የተመታ ቁጥር አለው። ደብተር ላይ ላሜራው መቼ እንደተገዛ፣ ማን እንደበየደው ይጻፋል። በቅርቡ 14 ቁጥር እጀታው ተሰብሮ ተመለሰ። ደብተሩን ስናይ 13 እና 15ም በዚያው ቀን፣ ከዚያው ቀጭን ዘንግ የተሰሩ ናቸው። ሳይሰበሩ በፊት ሄደን ቀየርናቸው።